ሐምሌት በቪዲዮ ማከራያ ቤት

ሼክስፒር ተውኔቶቹን የጻፋቸው ተማሪ ለፈተና እንዲያጠናቸው አልነበረም። የጻፈው ለመድረክ ነው፤ ቆሞ ለሚያይ፣ ሲሰለቸው ለሚያጉረመርም፣ ሲያስቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚስቅ የለንደን ሕዝብ። ከሶፎክለስ እስከ አርተር ሚለር ዛሬ ክላሲክ የምንላቸው ተውኔቶች ሁሉ በዓይንና በጆሮ እንዲገቡ የተሠሩ ናቸው። ትምህርት ቤት ግን በወረቀት ነው የሚያቀርባቸው። በእንግሊዝ ሼክስፒርን መማር ግዴታ ነው፤ በአሜሪካ ብዙ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች «ሮሜዎና ዡልየት»ን ያነባሉ፤ በእኛም አገር እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ተማሪ ከዚህ ሰው ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ተማሪው ገጹን ሲገልጥ የሚያገኘው ስምና ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎ 400 ዓመት ያስቆጠረ እንግሊዝኛ፣ ከግርጌው ደግሞ የማስታወሻ ክምር ነው። ድምፅ የለም፤ ፊት የለም፤ ማን የት እንደቆመ፣ ማን ማንን እየሰማ እንደሆነ አይታይም።

ፊልም ይህን ጉድለት ይሞላል የሚለው ተስፋ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ገና በ1899 ከሼክስፒር «ንጉሥ ጆን» የተወሰዱ ትእይንቶች ያለ ድምፅ ተቀርጸው ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ሁሉ ልዘረዝር አልነሳም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪን የሚስበው የትኛው ፊልም ነው? ከሳበውስ በኋላ ወዴት ያደርሰዋል? ወደ ሲኒማው የሚጠራው ወጣት ፊት፣ የሚያውቀው ልብስና የሚወደው ዘፈን እንደሆነ አልክድም። ወደ ተውኔቱ የሚያደርሰው ግን ሌላ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ሰዎቹን አንቆ የያዘ ነገር አለ፤ ሕግ ይሁን፣ ክብር ይሁን፣ ዘር ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን። ያ ነገር በአዲሱ መቼት እኩያውን ሲያገኝ ፊልሙ ይቆማል። ካላገኘ የሚተርፈው የታሪኩ አጽም ብቻ ነው።

ከዕድሜ እንጀምር። በተውኔቱ ዡልየት 14 ዓመት አልሞላትም። ሆሊዉድ በ1936 ይህን ታሪክ ሲቀርጽ የዡልየትን ቦታ የያዘችው ከ30 ዓመት ያለፈችው ኖርማ ሺረር፣ የሮሜዎን ደግሞ ከ40 ያለፈው ሌስሊ ሃዋርድ ነበሩ። ሁለቱም ጥሩ ተዋንያን ናቸው፤ ነገር ግን ሁለት የበሰሉ ሰዎች በአራት ቀን ውስጥ ተዋውቀው፣ ተጋብተው፣ ለሞት ሲበቁ ማየት ለማመን ይከብዳል። የታሪኩ ጥድፊያ የልጅነት ጥድፊያ ነውና። ጣሊያናዊው ፍራንኮ ዜፊሬሊ በ1968 ይህን ሰበረው። ሌናርድ ዋይቲንግና ኦሊቪያ ሃሲ ያኔ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ፤ በንባባቸው የሰለጠኑ አልነበሩም፤ ግን ሲሮጡ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲስሙ እውነት ነበር። የኒኖ ሮታ ዜማ ከፊልሙ ወጥቶ ለብቻው ዓለምን ዞረ። ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ከዚህ ፊልም ሌላ አላወቁም።

ያ ወጣትነት ግን ዋጋ ነበረው። ሁለቱ ተዋንያን በ2022 መጨረሻ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ካለፈ በኋላ፣ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ ራቁታቸውን ተቀርጸናል ብለው የፊልሙን ኩባንያ ከሰሱ። ዳኛዋ በ2023 ክሱን ዘጉት። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ፊልም ለክፍል የሚያሳይ መምህር ታሪኩን ማወቅ ያለበት ይመስለኛል። ፊልሙን ለተማሪ ቅርብ ያደረገው የተዋንያኑ ልጅነት ነው፤ ልጆቹን ማን ጠበቃቸው የሚለው ጥያቄም ከዚያው ይነሳል።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሁሉንም ቀየረ። አውስትራሊያዊው ባዝ ለርማን በ1996 ያወጣው «ሮሜዎና ዡልየት» ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮንና ክሌር ዴንስን ይዞ መጣ። የተቀረጸው ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ ከተማዋ ግን ቬሮና ቢች የምትባል፣ የትም ልትሆን የምትችል የባሕር ዳር ከተማ ናት። መቅድሙን የምታነበው በቴሌቪዥን መስኮት የምትታይ የዜና አንባቢ ናት። የመጀመሪያው ጠብ የሚነሳው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ስማቸውን በሰማይ ጠቀስ ሕንጻ አናት ላይ የሰቀሉ ባለሀብቶች ሆነዋል፤ የቬሮናው መስፍን በሄሊኮፕተር የሚያንዣብብ የፖሊስ አዛዥ ሆኗል። ሰዎቹ የሚናገሩት ግን የሼክስፒርን ስንኝ ነው። ብዙ ተቆርጧል፤ የቀረው ቃል ግን የራሱ ነው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ይህ ፊልም ለምን ሠራ? መልሱ ሽጉጡ ላይ ያለ ይመስለኛል። በፊልሙ ውስጥ ጎራዴ የለም፤ በሽጉጡ ላይ ግን «ጎራዴ» የሚል የፋብሪካ ስም ተቀርጿል። ይህን እንደ ቀልድ የሚያዩት አሉ፤ ለእኔ የፊልሙ ቁም ነገር ነው። በተውኔቱ ዓለም ወጣት መኳንንት ትጥቃቸውን ታጥቀው ገበያ መሃል ይውላሉ፤ አንድ የስድብ ምልክት ብቻ ደም ያፈሳል። የዛሬ ተማሪ፣ በተለይ የአሜሪካው፣ ጎራዴን የሚያየው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ መንገድ ላይ ስለታጠቀ ጎረምሳ ግን የሚነግረው አያስፈልገውም። ለርማን የጎራዴውን እኩያ አገኘ፤ የሮሜዎ ጓደኛ መርኩሺዮ ሲወድቅ ተመልካቹ የሚሰማው ድንጋጤ በ1590ዎቹ የነበረው ተመልካች ከተሰማው የሚርቅ አይመስለኝም።

በሌላ ቦታ ግን ሳተ። በተውኔቱ የካህኑ መልእክት ለሮሜዎ ያልደረሰው በወረርሽኝ ምክንያት ነው፤ መልእክተኛው በበሽታ ተጠርጥሮ ቤት ተዘግቶበት ይቀራል። ይህ ድንገተኛ ነገር አይደለም፤ ቸነፈር በዚያ ዘመን ቴአትር ቤቶችን ሳይቀር እየዘጋ በሁሉም ደጃፍ የቆመ ሞት ነበር። በፊልሙ ውስጥ ደብዳቤ አመላላሹ ይመጣል፣ ሮሜዎ አይሰማውም፣ ወረቀቱ ይቀራል። ወረርሽኙ ወጥቶ አጋጣሚ ገባ። ተማሪ እዚህ ጋ «ስልክ ለምን አይደውልም?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። ከ2020 ወዲህ ያደገ ተማሪማ ቤት መዘጋት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የመጽሐፉን ምክንያት ከፊልሙ ምክንያት ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል።

ስለዚህ ፊልም መምህራን ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ ስለ ፍጻሜው ነው። በተውኔቱ ዡልየት ስትነቃ ሮሜዎ ሞቷል። በለርማን ፊልም ግን መርዙን ሲጠጣ ዓይኗ ይከፈታል፤ ለአፍታ ይተያያሉ። ፊልሙን ብቻ አይቶ ለፈተና የቀረበ ተማሪ ይህን ጽፎ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ይሁንና ለውጡ የፊልም ሰዎች ድፍረት ነው የሚሉ ተሳስተዋል። ስመ ጥሩው የእንግሊዝ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ በ1748 ባዘጋጀው ስሪት ዡልየት ሮሜዎ ከመሞቱ በፊት ትነቃለች፤ የለንደን መድረክም ለ100 ዓመት ያህል ታሪኩን እንዲያ ነበር የሚያሳየው። ናሆም ቴት በ1681 «ንጉሥ ሊር»ን እንደገና ጽፎ በደስታ ሲጨርሰው፣ ኮርዴሊያን ከሞት አድኖ ሲድራት፣ ያ ስሪት 150 ዓመት ያህል የሼክስፒርን ተክቶ ቆየ። ሼክስፒር ራሱም የሮሜዎን ታሪክ ያገኘው አርተር ብሩክ በ1562 ካሳተመው ረጅም ግጥም ነው፤ እዚያ ወራት የሚፈጀውን ፍቅር እሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨመቀው። ጥንታዊ ተውኔት እጅ ሳይነካው የኖረበት ዘመን የለም። ይህን ለተማሪ መንገር ፊልሙን ከመከልከል ይበልጣል።

የለርማን ፊልም ገንዘብ ማምጣቱ ሌሎችን አነሳሳ፤ ከ1999 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ራሱ የሼክስፒር መቼት ሆነ። እዚህ ቃሉ ቀርቶ ታሪኩ ብቻ ነው የተወሰደው፤ እኛ ውርስ ትርጉም እንደምንለው ነው። ከሁሉም የታወቀው በጊል ጁንገር የተዘጋጀው «የምጠላብህ አሥር ነገሮች» ነው፤ ከ«አመለ ቢሷ ሴት መገራት» የተወሰደ። ጁሊያ ስታይልስ ማንንም የማታስጠጋውን ካት፣ ሂዝ ሌጀር በገንዘብ ተገዝቶ ሊያግባባት የሚመጣውን ወጣት ሆነው ይጫወታሉ። ትምህርት ቤቱ ፓዱዋ፣ የቤተሰቡ ስም ስትራትፎርድ ነው። በተውኔቱ ታናሺቱ ከታላቋ በፊት እንዳትዳር የሚያግደው የአባት ሥልጣን ነው፤ በፊልሙ አባትየው የማዋለጃ ሐኪም ነው፣ የልጃገረዶችን እርግዝና ሲያይ ይውላል፣ ስለዚህ ታላቋ ጓደኛ ሳትይዝ ታናሿ እንዳትይዝ ይከለክላል። ብልህ መፍትሔ ነው፤ ያስቃል፤ ተማሪው ይወደዋል።

ሆኖም የተውኔቱ ጭንቅ ሌላ ቦታ ነው። በተውኔቱ መጨረሻ ላይ ካተሪና ቆማ ሚስት ለባሏ መገዛት አለባት ብላ ረጅም ንግግር ታደርጋለች። ከልቧ ነው? ተሰብራ ነው? እያሾፈች ነው? አራት መቶ ዓመት ያከራከረው ይህ ንግግር ነው። ፊልሙ ጨርሶ አስወጥቶታል፤ በምትኩ ካት ክፍል ውስጥ የራሷን ግጥም እያነበበች ታለቅሳለች። ግጥሙን የሚያስጽፈው ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ተማሪዎቹ የሼክስፒርን 141ኛ ሶኔት በራሳቸው ቋንቋ እንዲጽፉ ያዘዘ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ከማደንቃቸው ትእይንቶች አንዱ ይህ የክፍል ሥራ ነው። ግን ፊልሙን ያየ ተማሪ ተውኔቱ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ሳይሰማው ይወጣል። የካተሪናን ንግግር ከፊልሙ ቀጥሎ ያስነበበ መምህር ግን ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ሲያከራክር ይውላል።

ከነዚህ ሁሉ እኔ የማስበልጠው «ኦ» የሚባለውን ነው። ቲም ብሌክ ኔልሰን ኦቴሎን በአሜሪካ ደቡብ ወዳለ የሀብታሞች አዳሪ ትምህርት ቤት አመጣው። ኦዲን በትምህርት ቤቱ ያለ ብቸኛ ጥቁር ተማሪና የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ኮከብ ነው። ሴረኛው ያጎ የአሠልጣኙ ልጅ ሆኗል፤ አባቱ በአደባባይ ኦዲንን እንደ ልጄ እወደዋለሁ ሲል እዚያው ቆሞ ይሰማል። የያጎ ክፋት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ በተውኔቱ ሰፊ ነው፤ እዚህ በአንድ የተራበ ልጅ ፊት ላይ ይነበባል። ኦዲንም በሚያጨበጭቡለት ሰዎች መካከል እንግዳ ነው፤ ጨዋታውን እስካሸነፈላቸው ድረስ ብቻ የእነሱ ነው። ኦቴሎ ለቬኒስ የነበረው ይኸው ነው። ፊልሙ ተሠርቶ ሳለ በሚያዝያ 1999 በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በተማሪዎች ተገደሉ፤ በተማሪዎች መካከል በግድያ የሚያልቅ ፊልም ለማሳየት ያኔ ማንም አልደፈረም፤ እስከ 2001 መደርደሪያ ላይ ቆየ። ዘመኑ ከፊልሙ ጋር እንዲህ የገጠመበት ሌላ ምሳሌ አላውቅም።

«ወንዱ እሷ ናት» የተባለው የ2006 ፊልም ቀለል ያለ ነው፤ ከ«አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» የተወሰደ። ያም ሆኖ ቫዮላ የወንድ ልብስ የምትለብሰው የሴቶቹ የእግር ኳስ ቡድን ስለተበተነ ነው። በተውኔቱ መርከብ የሰበረው ማዕበል ይህን ምትክ ማግኘቱ አስመስጋኝ ነው፤ የቀረው ሳቅ ነው።

አሁን ወደ ሐምሌት። ተማሪ አንድን ንግግር በአራት ፊልም ቢያይ ከአንድ ወር ማብራሪያ የበለጠ ያገኛል ብዬ የማምነው በዚህ ተውኔት ነው። የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ የሚነሳበትን የሦስተኛውን ገቢር መነባንብ እንውሰድ። ሎረንስ ኦሊቪዬ በ1948 ባዘጋጀው ፊልም ሐምሌትን ከባሕር በላይ ከፍ ካለ ግንብ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እጁ ጩቤ ይዟል፤ ከፊሉን ቃል አፉ ሳይንቀሳቀስ በሐሳቡ እንሰማዋለን። ሞት ከእግሩ ሥር ነው። ፊልሙ ኦስካር ቢያገኝም ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን፣ ፎርቲንብራስም ጭምር ተቆርጠው ወጥተዋል፤ የተውኔቱ ፖለቲካ አብሮ ወጥቷል። ኬኔት ብራና በ1996 ሙሉውን ተውኔት፣ አራት ሰዓት የሚፈጅ፣ ምንም ሳይቀንስ ቀረጸ። በእሱ ፊልም ሐምሌት ንግግሩን የሚያደርገው በመስተዋት ፊት ነው፤ ከመስተዋቱ ጀርባ ንጉሡና ፖሎኒየስ ተደብቀው ያዩታል። ራሱን እያየ ጠላቱን ያናግራል። ተማሪው «ለብቻ የሚደረግ ንግግር» የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ ፍቺ እዚህ ጋ መጠራጠር ይጀምራል፤ በተውኔቱም ቢሆን እነዚያ ሰዎች ተደብቀዋልና።

ማይክል አልሜሬይዳ በ2000 ያወጣው ደግሞ በኒውዮርክ ነው። ዴንማርክ አገር መሆኗ ቀርቶ ኩባንያ ሆናለች፤ የሐምሌት አጎት ክላውዲየስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው። ኢታን ሆክ የሚጫወተው ሐምሌት የፊልም ሥራ የሚሞክር ወጣት ነው፤ አጎቱን የሚያጠምድበት ጨዋታ ራሱ ያቀናበረው ቪዲዮ ነው። ያን ንግግር የሚያደርገው ቪዲዮ ማከራያ ቤት ውስጥ፣ «አክሽን» የሚል ጽሑፍ በተደጋገመባቸው መደርደሪያዎች መካከል እየተራመደ ነው። ተግባር አቅቶት ስለተግባር የሚያስብ ሰው፣ በዙሪያው ሁሉ ሌሎች ሰዎች የሠሩት የጀግንነት ምስል ተደርድሮ። ፍቅረኛው ኦፊሊያ ከሐምሌት ጋር እንድትገናኝ ስትላክ በሰውነቷ ላይ የድምፅ መቅጃ ይታሰርባታል። ስለላ በኤልሲኖር ቤተ መንግሥት ምን ያህል ያፍን እንደነበር ከዚህ የተሻለ ያሳየኝ ፊልም የለም። ዛሬ ቪዲዮ ማከራያ ቤት ራሱ ጠፍቷል፤ ፊልሙ ለአሁኑ ተማሪ ታሪካዊ መቼት ሆኖበታል። ዘመናዊ መሆን ቶሎ ያረጃል። ስለላው ግን አላረጀም፤ እያንዳንዱ ተማሪ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚያየው።

አራተኛው ሕንዳዊው ቪሻል ባርድዋጅ በ2014 ያወጣው «ሃይደር» ነው። መቼቱ የ1995 ካሽሚር። ሃይደር ከሚማርበት ከተማ ተመልሶ ሲመጣ ሐኪሙ አባቱ በወታደር ተወስዶ የለም፤ የታመመ ታጣቂ አክሞ ነበር። ቤቱ ፈርሷል። እናቱ ግማሽ መበለት ናት፤ በካሽሚር ባላቸው ተወስዶ መሞቱም መኖሩም ያልታወቀ ሴቶች የሚጠሩበት ስም ነው። ይህን ካየን በኋላ የመንፈሱ ጥያቄ ሌላ ይሆናል። በተውኔቱ አባትየው ከመቃብር ተነሥቶ ይናገራል፤ እዚህ ቃሉን የሚያመጣው ከእስር የተረፈ ሰው ነው፤ ይመን አይመን ሃይደር አያውቅም። ያንን ንግግር ለብቻው አይናገረውም። ራሱን ተላጭቶ፣ አንገቱ ላይ ገመድ አጥልቆ፣ ከተማ አደባባይ ላይ ለተሰበሰበ ሕዝብ ይጮኸዋል፤ አለን ወይስ የለንም ብሎ። ጥያቄው የአንድ ልዑል መሆኑ ቀርቶ የአገር ሆነ። ከአራቱ ከሼክስፒር ቃል በጣም የራቀው ይህ ነው፤ ለሼክስፒር ጭንቀት በጣም የቀረበውም ይኸው ነው።

ባርድዋጅ ከዚያ በፊት «ማክቤዝ»ን በሙምባይ ወንበዴዎች መካከል፣ «ኦቴሎ»ን በኡታር ፕራዴሽ የመንደር ፖለቲካ ውስጥ አድርጎ ሠርቷል። በ2006ቱ «ኦምካራ» የኦቴሎ ጥቁርነት የካስት ጥያቄ ሆኗል፤ መሐረቡ ከትውልድ ትውልድ የሚወረስ የወገብ ጌጥ ነው። ቃልን ሙሉ በሙሉ ጥሎ ተውኔቱን መያዝ እንደሚቻል ግን ከእሱ ቀድሞ ያሳየው ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ነው። በ1957ቱ «የደም ዙፋን» ከማክቤዝ አንድ ስንኝ እንኳ የለም። ሦስቱ ጠንቋዮች አንዲት ፈታይ መንፈስ ሆነዋል፤ ሚስትየዋ እንደ ጃፓን ኖህ ቴአትር ጭንብል ፊቷን ሳታንቀሳቅስ ባሏን ትገፋዋለች፤ መጨረሻ ላይ ጀግናውን የሚገድሉት በገዛ ወታደሮቹ የሚወረወሩ ቀስቶች ናቸው፤ ጀግናውን በሚጫወተው በቶሺሮ ሚፉኔ ዙሪያ የሚተከሉት ብዙዎቹ እውነተኛ ቀስቶች ነበሩ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ተማሪ ይህን ፊልም ሲያይ ከእንግሊዛዊው ተማሪ እኩል ነው። ለእኛ አገር ክፍል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከሼክስፒር ወጣ ስንል ሚዛኑ ይለያያል። የአርተር ሚለር «ዘ ክሩሲብል» በ1996 ፊልም ሲሆን ስክሪፕቱን የጻፈው ሚለር ራሱ ነው፤ ዳንኤል ዴይ ሉዊስና ዊኖና ራይደር ይጫወቱበታል። ፊልሙ የሚጀምረው ልጃገረዶቹ በሌሊት ጫካ ውስጥ ሲጨፍሩ በማሳየት ነው። በተውኔቱ ይህን አናይም፤ የምንሰማው በወሬ፣ በክስ፣ በእምነት ቃል ነው። አንባቢው ያላየውን ነገር እንደ ተውኔቱ የሳለም ከተማ ሰዎች ሲጠረጥር ይውላል። ፊልሙ አሳይቶ ጥርጣሬውን ወሰደብን። ደራሲው ራሱ ስለሠራው ለተውኔቱ ይታመናል ማለት አይቻልም።

የሶፎክለስ «አንቲጎን» ግን ፊልም የሚያስፈልጋት ተውኔት ናት። ካናዳዊቷ ሶፊ ዴራስፕ በ2019 ወደ ሞንትሪያል አመጣቻት፤ ከአልጄሪያ የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ፣ ጎበዝ ተማሪ። አንደኛው ወንድሟ በፖሊስ ጥይት ይሞታል፤ ሌላው ይታሰራል፣ ከአገር ሊባረር ነው። ፀጉሯን ቆርጣ፣ እስር ቤት ገብታ፣ ወንድሟን በራሷ ታስወጣዋለች። የታሪኩ መነሻ በ2008 በዚያችው ከተማ የተፈጸመ የፖሊስ ግድያ ነው። የጥንቱ መዘምራን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጎርፍ አስተያየት ሆኗል። ዜግነት ያልጸና ቤተሰብ፣ አንድ ልጅ ቢሳሳት ሁሉም የሚናጋበት ቤት፣ ለንጉሥ ክሬዖን አዋጅ ትክክለኛ እኩያ ነው። ፊልሙ በወጣበት በዚያው ዓመት በእስራኤል የ18 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገድሎ ማኅበረሰቡ በየከተማው መንገድ ዘግቶ ተቃውሟል። እዚያ ላለ ወጣት ይቺ አንቲጎን ግሪካዊት አይደለችም።

በአፍሪካ የተሠሩት ሁለቱ ሊዘነጉ አይገባም። ሴኔጋላዊው ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1992 «ጅቦች» ብሎ ያወጣው ከስዊዘርላንዳዊው ዱረንማት የ1956 ተውኔት የተወሰደ ነው። አንዲት በወጣትነቷ ተበድላ የተባረረች ሴት ባለጸጋ ሆና ወደ ደኸየች ከተማዋ ትመለሳለች፤ የበደላትን ሰው ግደሉልኝና ሀብቴን ውሰዱ ትላለች። ሕዝቡ አይሆንም ይላል፤ ወዲያው ግን በዱቤ ማቀዝቀዣና ቬንትሌተር መግዛት ይጀምራል። በአውሮፓ የጦርነት ማግስት ብልጽግና የነበረው፣ በአፍሪካ የብድር ዘመን ሆነ። ናይጄሪያዊው ቢዪ ባንደሌ ደግሞ የዎሌ ሾይንካን «ሞትና የንጉሡ ፈረሰኛ» በ2022 ቀረጸው። ሾይንካ በእንግሊዝኛ የጻፈውን በዮሩባ አስነገረው፤ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ወደ ወጣበት አፍ ተመለሰ። ባንደሌ ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በዚያው ዓመት ነሐሴ አረፈ።

ስለአጠቃቀሙ ብዙ አልልም። ሁለት ሰዓት ፊልም አሳይቶ ደወል ሲደወል ክፍሉን መበተን ትርፍ የለውም። የሚበጀው አንድ ትእይንት መምረጥ፣ መጀመሪያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተነሥተው እንዲጫወቱት ማድረግ፣ ከዚያ በሁለት ፊልም ማየት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ተማሪው እንደ ዳኛ ነው የሚያየው፤ «እኔ እንዲህ አላደርገውም» ይላል፤ ለምን ሲባል ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። ታቪያኒ ወንድማማቾች በ2012 በሮም ሬቢቢያ ማረሚያ ቤት የቀረጹት «ቄሳር መሞት አለበት» ይህንኑ ያሳያል። እስረኞቹ «ጁሊየስ ቄሳር»ን ሲለማመዱ በየትውልድ ቀበሌያቸው ዘዬ ነው የሚናገሩት፤ ሴራና ክህደት ምን እንደሆነ ከአዘጋጁ የበለጠ ያውቃሉ።

በአማርኛ ላይ ያለን ሀብት እዚህ ጋ ይታየኛል። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን በአማርኛ ስንኝ ሰጥተውናል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂንያ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ልጅ ሮሜዎን ሲያነብ እናቱ ታሪኩን በከበደ አማርኛ ልታውቀው ትችላለች። ሁለቱ አንድ ፊልም ቢያዩ፣ እሱ በእንግሊዝኛው እሷ በአማርኛው የሚጨቃጨቁበት ብዙ ነገር አለ።

እነዚህ ትርጉሞች በካሜራ ፊት ቢነገሩ ምን ይሆናሉ? ሩሲያዊው ግሪጎሪ ኮዚንትሴቭ በ1964 «ሐምሌት»ን ሲቀርጽ የተጠቀመው በቦሪስ ፓስተርናክ ትርጉም ነው፤ ያ ፊልም ዛሬ ከእንግሊዞቹ ጎን ሲቆም የሚያንስበት የለም። ኮዚንትሴቭ መነባንቦቹን በጩኸት አላስነገረም። ሐምሌት በቤተ መንግሥት ሰው መካከል ዝም ብሎ ያልፋል፤ ቃሉን የምንሰማው ከውስጡ ነው። የጸጋዬ ስንኝ እስካሁን የኖረው በብሔራዊ ቴአትር መድረክ፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ በሚደርስ ድምፅ ነው። ካሜራ ያን ድምፅ አይፈልግም። ቃሉን በሹክሹክታ መናገር፣ ቤት መምታቱን ሳያጎሉ ቤት እንዲመታ ማድረግ፣ ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የሚያጠኑ ተማሪዎች አንዱን ትእይንት፣ ለምሳሌ ሐምሌት ከእናቱ ጋር በክፍሏ የሚነጋገርበትን፣ በአንድ ካሜራ በሦስት መንገድ ቀርጸው ቢያነጻጽሩ የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ጽሑፉ፣ ሁለት ጥሩ ተዋንያንና ጸጥ ያለ ክፍል ነው።